ነጠላውን ዓረፍተ ነገር ከውስብስቡ በምን እንለየው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን አማርኛ አስተምራለሁ። ስለ ነጠላና ስለ ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ትርጓሜ አጽፌ፣ ምሳሌ ሰጥቼና መልመጃ አሠርቼ ሳበቃ፣ በፈተና ጊዜ አብዛኞቹ የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት ብቻ እያዩ ይመልሳሉ። አጭሩን ነጠላ፣ ረጅሙን ውስብስብ ይሉታል። ትርጓሜውን በቃላቸው ሲጠየቁ ግን አንድም ቃል ሳይስቱ ይናገሩታል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ተማሪዎችዎ ትርጓሜውን እያወቁ የሚሳሳቱት፣ ትርጓሜው የሚናገርለትን ነገር በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፈልጎ ማግኘትን ስላልለመዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጠላ ዓረፍተ ነገር አንድ ግሥ ብቻ ያለው፣ ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በዋናው ዓረፍተ ነገር ሥር ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ያዘለ መሆኑን የሸመደደ ተማሪ፣ የትኛው ግሥ ሐሳቡን እንደሚያስርና የትኛው በሌላው ላይ እንደሚንጠለጠል ካልለየ፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ብቸኛ ምልክት ርዝመት ይሆናል። ስለዚህ ትርጓሜውን ደጋግሞ ከማስነበብ ይልቅ የተማሪውን ዓይን ወደ ግሡ ማዞር ይበጃል።

ትምህርቱን ርዝመት መለኪያ አለመሆኑን በሚያጋልጡ ምሳሌዎች ቢጀምሩት መልካም ነው። በሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ ትናንት ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ በወላጆችና በመምህራን ፊት አንድ ረጅም ግጥም በጥሩ ድምፅ አነበበ።» ከሥሩም «ስትመጣ ወጣ።» የሚለውን ያስከትሉ። የመጀመሪያው መስመሩን ቢሞላም ያለው ግሥ «አነበበ» ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን ፊት፣ ምን፣ እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ እየሆነ በዚያው በአንድ ግሥ ዙሪያ የተሰበሰበ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ቃላት አያልፍም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ግሦችና ሁለት ባለቤቶች አሉት፤ የመጣችው እሷ፣ የወጣው እሱ ነው። በሦስተኛ ደረጃ «ሰበረችው።» የሚለውን ቢያክሉበት ተማሪዎቹ ሌላ ነገር ያስተውላሉ። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንና ተሳቢውን በራሱ ላይ ስለሚሸከም አንድ ቃል ብቻውን ሙሉ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በግልጽ ስላልተጻፈ ብቻ «ይህ ዓረፍተ ነገር አይደለም» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋምና ይህን አስቀድሞ ማጥራት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ተነሥተው እንዲመረምሩ ያስለምዷቸው። በአማርኛ ማሰሪያው ግሥ እንደ ደንቡ የሚገኘው ከአራት ነጥቡ በፊት ስለሆነ፣ ፍለጋው ከዚያ ሲጀምር የሚያደናግር ነገር ይቀንሳል። ተማሪው መጀመሪያ ማሰሪያውን ያከብባል፤ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ ባለቤቱን ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሌላ የድርጊት ወይም የመሆን ቃል መኖሩን ይፈትሻል። ሌላ ግሥ ካገኘ፣ ያንን ግሥ ከነአጃቢዎቹ ለብቻው ያነባል። «ስለመጣ» ብሎ አራት ነጥብ ማድረግ ይቻላል? አማርኛ አፍ የፈታበት ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያውኑ «ስለመጣ ምን ሆነ?» ይላል። ያ ጥያቄ ራሱ የጥገኛነት ማስረጃ ነው። ልጆቹ ሰዋስዋዊ ስሙን ሳያውቁት ጆሯቸው አስቀድሞ ያወቀው ስለሆነ፣ መምህሩ ጥገኛውን ክፍል ብቻ ጮክ ብሎ አንብቦ ዝም ቢልና ክፍሉ እንዲጨርስለት ቢጠብቅ፣ ብዙ ማብራሪያ የማያስገኘውን ውጤት ያገኛል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ ግሥን ጥገኛ የሚያደርጉትን ምልክቶች ማወቅ አለባቸው። «መጣ» ብቻውን ይቆማል፤ «ሲመጣ»፣ «ቢመጣ»፣ «እንዲመጣ»፣ «ሊመጣ»፣ «እስኪመጣ»፣ «እየመጣ»፣ «ስለመጣ»፣ «ከመጣ»፣ «እንደመጣ»፣ «የመጣው» ግን አይቆሙም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ወጥመድ ስላለ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ በስምም ላይ ይገባሉ። «ስለ ልጁ ተናገረ» ነጠላ ነው፤ «ልጁ ስለመጣ ተናገረ» ውስብስብ ነው። «ከቤት ወጣ» ነጠላ ነው፤ «ዝናቡ ካቆመ ይወጣል» ውስብስብ ነው። «እንደ አባቱ ይናገራል» ነጠላ ነው፤ «አባቱ እንደነገረው ይናገራል» ውስብስብ ነው። «የልጁ መጽሐፍ ጠፋ» ነጠላ፣ «ልጁ የገዛው መጽሐፍ ጠፋ» ውስብስብ ነው። እንግዲህ «ስለ ካለበት ውስብስብ ነው» የሚል ደንብ የተሰጠው ተማሪ ግማሹን መሳቱ አይቀርም። መታየት ያለበት ምልክቱ ያረፈበት ቃል ስም ነው ወይስ ግሥ የሚለው ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ስለ መጣ» ብለው ነጥለው፣ ሌሎች «ስለመጣ» ብለው አጣብቀው ስለሚጽፉም የአጻጻፉ መለያየት ተማሪውን እንዳያሳስተው ሁለቱንም ማሳየት ተገቢ ነው።

ሌላው የሚሰወርባቸው አሉታው ነው። «ስ» እና «አይመጣም» ሲገናኙ «ሳይመጣ»፣ «ከ» እና «አልመጣም» ሲገናኙ «ካልመጣ»፣ «የ» እና «አልመጣም» ሲገናኙ «ያልመጣ» ይሆናሉ። ምልክቱ ከአሉታው ድምፅ ጋር ስለሚዋሃድ፣ በመጨረሻም የሚገኘው «ም» ስለሚወድቅ፣ ተማሪው የሚያውቀውን ቅርጽ ያጣዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አዎንታውን ወደ አሉታ፣ አሉታውን ወደ አዎንታ ሲመልሱ ቢውሉ ጊዜው አልባከነም።

ጥያቄ፦ ልጄ የቤት ሥራው ላይ «ሥራውን ጨርሶ ወጣ» የሚለውን ነጠላ ብሎ ስህተት ተደረገበት፤ «ሥራውን ጨርሶ ነበር» የሚለውን ደግሞ ውስብስብ ብሎ ይህም ስህተት ተባለ። ሁለቱም ላይ «ጨርሶ» አለ። እኔም እንደ ልጄ ግራ ገብቶኛል። ሰውየው አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው እንዴት ውስብስብ ይሆናል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የልጅዎ ግራ መጋባት ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ተራ ጥያቄም አይደለም። የመምህሩ እርማት ግን ትክክል ነው።

«ጨርሶ» በግእዝ ሰዋስው ልማድ ቦዝ አንቀጽ የሚባለው የግሥ ዓይነት ነው። ብቻውን ዓረፍተ ነገር ማሰር አይችልም፤ ማሰሪያ የሚሆን ሌላ ግሥ ይጠብቃል። «ሥራውን ጨርሶ ወጣ» በሚለው ውስጥ ሁለት ድርጊቶች አሉ፤ አንደኛው መጨረስ ነው፣ ሁለተኛው መውጣት ነው። «ሥራውን» የሚለው ተሳቢም የ«ጨርሶ» እንጂ የ«ወጣ» አይደለም። ባለቤቱ አንድ መሆኑ ድርጊቶቹን አንድ አያደርጋቸውም። ይህን ለልጅዎ ለማሳየት ባለቤቶቹን ይለያዩለት፦ «እሱ ሥራውን ጨርሶ እኛ ወጣን።» ዓረፍተ ነገሩ ሳይፈርስ ይቆማል፤ ስለዚህ ሁለቱ ግሦች የየራሳቸውን ባለቤት የመያዝ አቅም አላቸው ማለት ነው።

አሁን ይህንኑ ፈተና በሁለተኛው ላይ ይሞክሩት። «እሱ ሥራውን ጨርሶ እኛ ነበርን» አይባልም። እዚህ «ነበር» ሌላ ድርጊት አይናገርም፤ የመጨረሱ ድርጊት ቀደም ብሎ የተፈጸመ መሆኑን ብቻ የሚያመለክት ረዳት ግሥ ነው። «ጨርሶ ነበር» በሁለት ቃላት የተጻፈ አንድ ግሥ ነው። «ጨርሷል» የሚለውም «ጨርሶ» እና «አለ» ተዋሕደው የተገኘ ነው፤ አንድ ቃል ሆኖ ስለተጻፈ ብቻ ማንም ሁለት ግሥ አይለውም። «እያነበበ ነው»፣ «ያነብ ነበር»፣ «ሊወጣ ነው» የሚሉትም እንዲሁ ነጠላ ናቸው። ሆኖም «እያነበበ እንቅልፍ ወሰደው» ወይም «ሊወጣ ፈለገ» ሲባል ሁለተኛው ግሥ የራሱን ነገር ስለሚናገር ዓረፍተ ነገሩ ውስብስብ ይሆናል።

ለልጅዎ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ ይስጡት። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ» የመሳሰሉት ሁለት ቃላት ሆነው አንድ ግሥ ናቸው፤ «አለ» ስላለባቸው ብቻ ንግግርን አይናገሩም። «ቁጭ ብሎ አነበበ» ሲባል ግን «ቁጭ ብሎ» አንድ ቦዝ፣ «አነበበ» ደግሞ ማሰሪያው ስለሆነ ውስብስብ ነው። እንደ «ይዞ መጣ» ያሉት፣ ሁለቱ ግሦች በትርጉም እጅግ ተጠጋግተው አንድ ነገር የሚሉ የሚመስሉት፣ ለክርክር የተጋለጡ ናቸው። በእኔ እምነት ለዚህ ዕድሜ ተማሪ እነሱን በፈተና ማቅረብ ፍትሐዊ አይደለም።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ስለ»ንም «ሲ»ንም በሚገባ ይለያሉ፤ መጨረሻው «ነው» በሆነ ዓረፍተ ነገር ግን ይከራከራሉ። «መስኮቱን የሰበረችው ድመቷ ናት» የሚለውን ግማሾቹ ነጠላ፣ ግማሾቹ ውስብስብ ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ውስብስብ የሚሉት ተማሪዎች ልክ ናቸው፤ ነጠላ የሚሉትም የሚያስቡት ከንቱ አይደለም። «ድመቷ መስኮቱን ሰበረች» ከሚለው ጋር ሲያነጻጽሩት የሚወራው ስለ አንድ ድርጊት ስለሆነ አንድ ይመስላቸዋል። ነጠላና ውስብስብ የምንለው ግን በአወቃቀር ነው። «መስኮቱን የሰበረችው» የራሱ ግሥና የራሱ ተሳቢ ያለው ጥገኛ ነው፤ «ናት» ደግሞ ማሰሪያው ነው። አማርኛ አንድን ነገር አጉልቶ ለመናገር ሲፈልግ ይህን አወቃቀር ዘወትር ይጠቀማል፤ «የመጣው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ እንኳ የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ በየቀኑ የሚናገሩት ነገር ውስብስብ መሆኑን ሲያዩ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ አፋቸው ይቀርባል።

በ«የ» የሚጀምረው ጥገኛ ከሁሉም ይልቅ የሚሰወር በመሆኑ፣ በተለይ በስም ፊት እንደ ቅጽል ሲቆም፣ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። እኔ የምወደው ጥንድ ምሳሌ ይህ ነው፦ «ሰባራው ብርጭቆ ተጣለ» እና «የተሰበረው ብርጭቆ ተጣለ»። ትርጉማቸው ተቀራራቢ ነው። «ሰባራው» ግን ቅጽል ስለሆነ የመጀመሪያው ነጠላ ነው፤ «የተሰበረው» ግሥ ስለሆነ «ትናንት በልጁ እጅ የተሰበረው» እያልን ጊዜና ሌላ አጃቢ ልንጨምርለት እንችላለን፤ ሁለተኛው ውስብስብ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ቅጽልን «የ» ከገባበት ጥገኛ ግሥ መለየት ይጀምራል።

«ነው» ራሱ ግሥ መሆኑንም አይዘንጉት። «እሷ ሐኪም ናት» ነጠላ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ግሥ ጥገኛ ሲሆን ቅርጹን ለውጦ «ሆነ» ይሆናል፦ «እሷ ሐኪም ስለሆነች ደረሰችልን።» «ስለናት» የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ለውጡን ያላስተዋለ ተማሪ በ«ስለሆነች» ውስጥ የተደበቀውን «ናት» አያየውም።

ከዚህ ጋር የሚነሡ ሁለት ነገሮችን ባጭሩ ልጥቀስ። «ልጁ፣ ‹ነገ እመጣለሁ› አለ» የሚለው፣ በጥቅስ ውስጥ ያለው ክፍል ምንም የጥገኛ ምልክት ሳይኖረው፣ ለ«አለ» ተሳቢ ሆኖ ስለገባ ውስብስብ ነው። «የልጁ መዳን እናቱን አስደሰታት» በሚለው «መዳን» እንደ ስም ባለቤት ሆኖ ስለሚያገለግል ነጠላ ማለቱ ያስኬዳል፤ «ልጁ መጽሐፉን ማንበቡ እናቱን አስደሰታት» ሲባል ግን «ማንበቡ» በ«ን» የተመለከተ ተሳቢ ይዞ የግሥነት ጠባዩን ስለሚያሳይ ነጠላ ማለቱ ይከብዳል። ይህን ለላይኛው ክፍል ውይይት እንጂ ለምርጫ ጥያቄ አላቀርበውም።

ጥያቄ፦ የመምህራን ትምህርት ሠልጣኝ ነኝ። «ልጁ መጣና ሄደ» ከየትኛው ወገን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ግሦች ብቻቸውን መቆም ስለሚችሉና አንዱ በሌላው ላይ ስለማይንጠለጠል፣ ብዙዎች ድርብ ወይም ጥምር ዓረፍተ ነገር ብለው ለብቻው ይመድቡታል። ከአንድ በላይ ግሥ ያለውን ሁሉ ውስብስብ የሚሉ መማሪያዎችም ስላሉ፣ በሚያስተምሩበት መጽሐፍ የተሰጠውን ክፍፍል አስቀድመው ለክፍሉ ያሳውቁ። ዋናው ነገር «ና» የሚያያይዘው ምን እንደሆነ ማየት ነው፤ «ልጁና እናቱ መጡ» ሁለት ስሞችን ስላያያዘ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። ነጠላ ሠረዝም እንዲሁ ነው፤ ስሞችን ለመዘርዘር የገባ ሠረዝ ዓረፍተ ነገሩን ውስብስብ አያደርገውም።

ጥያቄ፦ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። «ጆሯችሁ ምን ይላችኋል?» ብዬ ብጠይቃቸው ጆሯቸው ገና አልለመደም። ለእነሱ የሚሆን ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም ይህ ዘዴ አፍ ለፈቱትም የሚጠቅም ስለሆነ፣ ከመለየት በፊት መሥራት ይቅደም እላለሁ። ተማሪው ራሱ የገጣጠመውን ዓረፍተ ነገር መገጣጠሚያው የት እንደሆነ ሊስት አይችልም። ሁለት ነጠላ ዓረፍተ ነገሮች ይስጧቸው፦ «ዝናቡ ጣለ። ልጆቹ ወደ ቤት ገቡ።» እነዚህን አንድ እንዲያደርጓቸው ይጠይቋቸው፤ በአንድ መንገድ ብቻ እንዳይወሰኑ ግን ያበረታቷቸው። «ዝናቡ ስለጣለ ልጆቹ ወደ ቤት ገቡ» ምክንያትን፣ «ዝናቡ ሲጥል ልጆቹ ወደ ቤት ገቡ» ጊዜን፣ «ዝናቡ ከጣለ ልጆቹ ወደ ቤት ይገባሉ» ሁኔታን፣ «ዝናቡ ቢጥልም ልጆቹ ወደ ቤት አልገቡም» ተቃርኖን፣ «ዝናቡ እንዳይመታቸው ልጆቹ ወደ ቤት ገቡ» ዓላማን ይናገራሉ፤ «ዝናብ የመታቸው ልጆች ወደ ቤት ገቡ» ደግሞ የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ ይለያል። እያንዳንዱ ምልክት የሚያመጣውን የሐሳብ ዝምድና ተማሪው በእጁ ስለሚሠራው፣ «ቢ» ከ«ም» ጋር ሲሆን ተቃርኖ እንደሚያመጣ በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። ማሰሪያው ግሥ በየትኛው ጊዜ እንደሚለወጥም («ገቡ» ወደ «ይገባሉ») በዚያው ያያል።

ሁለተኛ ቋንቋ ለሆነባቸው ተማሪዎች ግሡን ሲጽፉ ምልክቱን በአንድ ቀለም፣ ግሡን በሌላ ቀለም እንዲጽፉት ማድረግ ብዙ ይረዳል። «ሲጥል» የተገኘው ከ«ስ» እና ከ«ይጥል» መሆኑን ማየት አለባቸው፤ አለዚያ «ሲ»ን እንደ ግሡ የመጀመሪያ ፊደል ይቆጥሩታል። እንዲሁም «ስ» ለእኔ «ስጥል»፣ ለእሷ «ስትጥል»፣ ለእኛ «ስንጥል» እየሆነ ስለሚሄድ፣ በአንድ መደብ ብቻ የተማረ ልጅ በሌላው መደብ ሲመጣ ያው ምልክት መሆኑን አያውቅም።

መግጠሙን ሲለምዱ መፍታቱን ያስከትሉ። ለዚህ የሚሆን አንድ ምሳሌ ላቅርብ፦ «እናቱ የሰጠችውን መጽሐፍ ያነበበው ልጅ መምህሩ ሲጠይቁት ሳይደናገር መለሰ።» ተማሪዎቹ ግሦቹን ሁሉ አውጥተው ከእያንዳንዳቸው ሙሉ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ፦ እናቱ መጽሐፍ ሰጠችው። ልጁ መጽሐፉን አነበበ። መምህሩ ልጁን ጠየቁት። ልጁ አልተደናገረም። ልጁ መለሰ። ሥራው ሲያልቅ በአንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ 5 ግሦች እንደነበሩ፣ ያሰረውም የመጨረሻው ብቻ እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል። «ልጅ» የሚለው ባለቤት ከ«መለሰ» በሦስት ቃላት ተለይቶ መቀመጡንም ያስተውላሉ፤ ረጅም ጽሑፍ ሲያነቡ ባለቤቱ የሚጠፋባቸው በዚህ ርቀት ምክንያት ስለሆነ፣ መልመጃው ለንባብም ይጠቅማቸዋል።

ፈተና ሲያወጡም ይህንኑ መንገድ ይከተሉ። ረጅም ነጠላና አጭር ውስብስብ ዓረፍተ ነገሮችን ያቀላቅሉ፤ «ስለ» እና «ከ» በስምም በግሥም ላይ የገቡባቸውን ያካትቱ፤ ከሁሉ በላይ ግን «ነጠላ» ወይም «ውስብስብ» የሚለውን መልስ ብቻ አይቀበሉ። ተማሪው ማሰሪያውን እንዲያከብብ፣ ጥገኛ ግሥ ካለም ከሥሩ እንዲያሰምርበት ያዝዙ፤ ነጥቡንም ለመልሱና ለምልክቱ ያካፍሉት። ሁለት አማራጭ ብቻ ባለው ጥያቄ ተማሪው በግምት ብቻ ግማሹን ነጥብ ያህል ሊያገኝ ይችላል፤ ያከበበውና ያሰመረው ሲታይ ግን ማን እንደገባውና ማን የት ላይ እንደሳተ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በግልጽ ያውቃሉ።